ዊንቹ ታ-ታ-ታ ይላል እንጂ አይዞርም፤ ባትሪው ደህና፣ ኮንታክተሩ አዲስ፣ ታዲያ ምኑ ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ በር ያለው መግቢያ ረጅም ስለሆነ በረዶውን የምጠርገው በኤቲቪ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር በሚሉት፣ ነው። ፊት ለፊቱ አካፋ ተገጥሞለታል፤ አካፋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ደግሞ ዊንቹ፣ ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትተው ሞተር፣ ነው። ዊንቹ ባለ 12 ቮልት ነው፤ 3500 ፓውንድ ይጎትታል ይባላል፣ በኪሎ ወደ 1590 ገደማ መሆኑ ነው። ዘንድሮ አራተኛ ክረምቱ ነው፤ እስካሁን አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አካፋውን ላነሳ ቁልፉን ስጫነው ታ-ታ-ታ-ታ ይላል፤ አካፋው ግን ንቅንቅ የለም። ወደ ታችም ወደ ላይም ያው ነው። ባትሪውን በቴስተር ለካሁት፤ 12.6 ቮልት። ኤቲቪው በአንድ ንክኪ ይነሳል። ከባትሪው ወደ ኮንታክተሩ የሚሄዱትን ሁለት ወፍራም ገመዶች ጫፋቸው ላይ ለካሁ፤ እዚያም 12.6። ኮንታክተር የምለው በቁልፉ ታዞ ኃይሉን ወደ ዊንቹ ሞተር የሚያስተላልፈውን ጥቁር ሳጥን ነው፤ ሶሌኖይድ የሚሉትም አሉ። ኤሌክትሪኩ እስከ ሳጥኑ ከደረሰ ችግሩ ሳጥኑ ነው ብዬ 60 ዶላር አውጥቼ አዲስ ገዛሁ። ገጠምኩት። ያው ታ-ታ-ታ። ምን ቀረኝ?

(ጥያቄዬን ከነስህተቱ እንዳለ ትቼዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው በኋላ የተጨመረ ነው። መልሱ እየበዛ ሄዶ፣ አዲስ የሚገባው ሁሉ መጨረሻውን ስለሚጠይቅ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ እተርካለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። ያዛባሁት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።)

1ኛው መልስ ሰጪ ሰላምታም ሳያስቀድም ባትሪ ነው አለ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ባትሪ አቅሙ ወደ ግማሽ እንደሚወርድ፣ ሳይሠራ የተለካ 12.6 ቮልት ደግሞ ምንም እንደማያረጋግጥ አስረዳ። ባትሪውን ፈትቼ መለዋወጫ ሱቅ ወሰድኩት፤ ጭነት አድርገውበት ሲፈትሹት ደህና ሆነ። ሰውየውን በልቤ ችኩል አልኩት። ነገሩን ይዞ ቦታውን ብቻ እንደሳተ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

2ኛው በጣም ትሑት ሰው ነው፤ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የጻፈው። አካፋ የሚያነሱ ሰዎች አካፋው ጥግ ከደረሰ በኋላም ቁልፉን ተጭነው ስለሚቆዩ፣ ሞተሩ መዞር አቅቶት ሙሉ ኃይል ሲስብ በኮንታክተሩ ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ይቃጠላሉ አለ። ይህን እኔም አደርገዋለሁ፤ ብርዱ ሲበረታ ጣት መቼ ይታዘዛል። ነገር ግን ኮንታክተሩን መቀየሬን አላነበበም ነበር። 3ኛው ማንበብ የማይችል ሰው መልስ ባይሰጥ ይሻላል ብሎ ገሰጸው፤ ራሱ ግን ያመጣው መላ ከዚያ የባሰ ነው። መሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቀይር አለኝ። ሳጥኑ ድምፅ ካሰማ እኮ ቁልፏ ሥራዋን ሠርታለች! ይህን እኔ ሳልሆን 5ኛው ነው የነገረው፣ በአንድ መስመር።

4ኛው አዲስ አበባ ጋራዥ ያላቸው፣ ከ30 ዓመት በላይ በመኪና ኤሌክትሪክ የቆዩ አባት ናቸው። እዚህ ቤት ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። እሳቸው የዊንቹን ማሳ፣ ኔጌቲቩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ማለት ነው፣ እይ አሉ። የሞተሩ ገላ ከሻሲው ጋር የሚነካካበት ቦታ ቀለም ወይም ዝገት ካለው ኔጌቲቩ አይመለስም፤ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ቡሎኑን ጥበቅ፣ እሱም ካልሆነ ከገላው ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ወፍራም ገመድ ጣል አሉኝ። ላንድክሩዘር ላይ ስንት ጊዜ እንዳዩት ጨመሩ። እሑድ ሙሉ ስፍቅ ዋልኩ። ለውጥ የለም።

5ኛው፣ ቅድም ቁልፏን በአንድ መስመር ያሰናበታት፣ እኔንም ግምትህን ትተህ ሞተሩን ለብቻው ሞክረው አለኝ። የሞተሩን ሁለት ገመዶች፣ ሰማያዊውንና ቢጫውን፣ ከኮንታክተሩ ፍታ፤ ባትሪ ለማስነሳት በምትጠቀምበት ገመድ ከባትሪው በቀጥታ ለአፍታ ንካቸው፤ ከዞረ ሞተሩ ደህና ነው፤ ገመዶቹን ስታቀያይር በተቃራኒው ይዞራል። አደረግኩት። በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ምንም ማቅማማት ዞረ። አንድ ነገር ተረጋገጠ ብዬ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ።

6ኛዋ ግን ተቆጣች፤ በ5ኛውም በእኔም። የዊንቹ ገመድ መንጠቆ ከአካፋው ሳይፈታ፣ ጓንት ሳይደረግ፣ የመጨረሻው ንክኪ ከባትሪው እንዲርቅ ሳይነገር እንዲህ ያለ ምክር በአደባባይ ይሰጣል ወይ አለች። ባትሪ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፤ ብልጭታው ባትሪው አጠገብ ከሆነ ፊት ላይ ይፈነዳል። ትክክል ናት። እኔ መንጠቆውን ፈትቼ ነበር፤ ብልጭታውን ግን አላሰብኩበትም። የምትሞክሩ ካላችሁ መጀመሪያ አንዱን ገመድ ሞተሩ ላይ አስራችሁ፣ ሁለቱንም ከባትሪው ጋር አያይዛችሁ፣ የመጨረሻውን ንክኪ ዊንቹ ጋ አድርጉት።

ከ7 እስከ 10 ጭቅጭቅ ነው። 7ኛው ዴንቨር የሚኖር ወጣት ነው። የጋሼ ምክር ለመኪና ዊንች እንጂ ለኤቲቪ ዊንች አይሠራም አለ። ትልልቆቹ የመኪና ዊንቾች አብዛኛውን ጊዜ መግነጢሱ ራሱ ከመዳብ ጥቅል የሚሠራ ሞተር አላቸው፤ ሦስት መግቢያ ይኖራቸውና ኔጌቲቩ በገላው በኩል ይመለሳል። የኤቲቪው ትንሽ ሞተር ግን ቋሚ መግነጢስ ነው። ሁለት መግቢያ ብቻ ነው ያለው፤ ኮንታክተሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን እያቀያየረ ነው የሚያዞረው፤ ገላው ከኤሌክትሪኩ ጋር ጉዳይ የለውም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ትምህርት ነበር። መጨረሻው ላይ ግን የድሮ መካኒክ በልማድ እንጂ በእውቀት አይሠራም የምትል ነገር ሰነቀረ።

8ኛው ጋሼን ደግፎ ዘለፈው። 9ኛው 8ኛውን ዘለፈ። 10ኛው ላይ ጋሼ ራሳቸው ተመልሰው፣ ኤቲቪ በእጃቸው ፈተው እንደማያውቁ፣ ልጁ ስለ ሞተሩ ያለው እውነት እንደሆነ፣ ሆኖም ትልቅ ሰው ሲታረም እንዴት እንደሚታረም ቤቱ ያላስተማረውን ክረምት እንደሚያስተምረው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ማንም አልጻፈም። የተፈቀው ሻሲዬ በበኩሉ ዝገት ጀምሯል።

11ኛው ከደቡብ እስራኤል ነው፣ እርሻ ላይ የሚሠራ። እዚያ ኤቲቪን ትራክቶሮን ይሉታል፤ እሱም እንደዚያው ነው የሚጠራው። የእሱ ዊንች ያስቸገረው በበረዶ ሳይሆን በአቧራ ነበር፤ የቁልፏ ውስጥ እንደ ዱቄት በላመ አሸዋ ተሞልቶ። ከእኔ ችግር ጋር አይገናኝም፤ ጨዋታው ግን ጭቅጭቁን አበረደው።

ከዚያ ውይይቱ መንገድ ሳተ። 12ኛው በረዶ ጠራጊ ብትቀጥር ኖሮ እስካሁን ያወጣኸው ይተርፍህ ነበር አለኝ። ሒሳቡን ሠራሁት፤ እውነቱን ነው፤ አልመለስኩለትም። 13ኛው ኤቲቪ አገር ቤት ማስገባት ቀረጡ ስንት እንደሆነ ጠየቀ፤ 14ኛው ሌላ ቦታ ጠይቅ አለው። 15ኛው ከዱባይ፣ ድሮ በረሃ ላይ ይነዳት የነበረችውን ባለ ሦስት ጎማ ሆንዳ እያሞገሰ ረጅም ትዝታ ጻፈ። 16ኛው ባለ ሦስት ጎማዎቹ በየመታጠፊያው እየተገለበጡ ስንት ሰው ስለጎዱ፣ አምራቾቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ1988 አዲስ መሸጥ እንዳቆሙ አስታወሰው። 15ኛው የነዳጁ ጥፋት እንጂ የሞተሯ አይደለም አለ። ነጂው ለማለት ፈልጎ ይመስለኛል። 17ኛው በዚህ ስሕተት የሳቀ ሰው ነው፤ ሌላ አልጻፈም።

18ኛዋ ከካናዳ ካልጋሪ ናት። ከባለቤቷ ጋር በክረምት የሰው ግቢ በረዶ ይጠርጋሉ፤ ሁለት ኤቲቪ አላቸው። ስለ ባትሪም ስለ ማሳም አላነሳችም። ድምፁን ነው የጠየቀችው። ስትጫነው አንዴ ታክ ብሎ ዝም ነው የሚለው፣ ወይስ እንደጻፍከው ታ-ታ-ታ እያለ ይንቀጠቀጣል? ይንቀጠቀጣል አልኳት። እንግዲያው ኮንታክተሩን በከንቱ ነው የገዛኸው አለችኝ። ጥያቄዬን የጻፍኩት በዚህ ድምፅ ነው፤ ርዕሱም ላይ አለ፤ ከመጣው ሰው ሁሉ ድምፁን ያዳመጠች እሷ ብቻ ናት።

የነገረችኝ ይህ ነው። አንዴ ታክ ብሎ ዝም ካለ ኮንታክተሩ ተገናኝቷል፤ ኃይሉ ግን ወደ ሞተሩ አላለፈም፤ ያኔ የተቃጠለ መገናኛ፣ የተበጠሰ የሞተር ገመድ ወይም ያለቀ የሞተር ካርቦን ነው የሚፈለገው። ከተንቀጠቀጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮንታክተሩ ይገናኛል፤ ሞተሩ ብዙ ኃይል ሊስብ ሲል ሳጥኑ ጋ ያለው ቮልት ድንገት ይወድቃል፤ ሳጥኑን የያዘው የመዳብ ጥቅልም ከዚያው ስለሚመገብ አቅም አጥቶ ይለቃል፤ ሲለቅ ጭነቱ ይጠፋል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይገናኛል። ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ቮልት የሚጥል ደግሞ የደከመ ባትሪ ወይም የታመመ ወፍራም ገመድ ነው። ባትሪህ ተፈትሿል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ገመዶች አንዱ ነው። ሞተሩን ለብቻው ስትሞክረው የዞረው ለምን ይመስልሃል? በሁለቱም ገመዶች ፋንታ ሌላ ገመድ ተጠቅመህ ስለነበር ነው።

አንገቴን ደፋሁ። መልሱ ከ5ኛው ጀምሮ እጄ ላይ ነበር።

እኔማ በሁለቱም ገመዶች ጫፍ 12.6 ለክቻለሁ አልኳት። መቼ ለካህ አለችኝ፤ ቁልፉን ተጭነህ ወይስ ሳትጫን? ሳልጫን። እንዴት እንደሚለካ አስተማረችኝ፤ 19 ላይ የጻፍኩት ውጤቱን ነው። የቴስተሩን አንድ እግር የባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ራሱ ላይ፣ ሌላውን እግር የኮንታክተሩ ጥቁር ገመድ የታሰረበት ቡሎን ላይ አደረግኩ። ያው ገመድ በሁለት ጫፉ መሆኑ ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ከግማሽ ቮልት በላይ መታየት የለበትም። ልጄ ቁልፉን ተጫነች። ቁጥሩ ከ3 እስከ 9 ቮልት ይዘላል! በቀዩ ገመድ ላይ ያንኑ ደገምን፤ ከ0.3 አላለፈም። ከዚያ የማስነሻውን ጥቁር ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ኮንታክተሩ ጥቁር ቡሎን ብቻ ዘረጋሁ። ልጄ ተጫነች፤ አካፋው ብድግ አለ።

ጥቁሩን ገመድ ፈትቼ ጎማውን በቢላ ሰነጠቅኩት። በባትሪው በኩል ያለው ጫፍ ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም፤ ቀለበቱም ያበራል። ከሽፋኑ ሥር ግን ሁለት ጣት ያህል መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ስነካው ረገፈ። የቀሩት ሽቦዎች ከአምስት አይበልጡም።

20ኛው ኤሌክትሪክ የተማረ ሰው ነው፤ ቴስተሬ ለምን እንዳታለለኝ በቁጥር አሳየኝ። ቴስተር ሲለካ የሚስበው ኃይል ከምንም አይቆጠርም፤ ስለዚህ በአንዲት ፀጉር በምታክል ሽቦም ቢሆን 12.6 ሙሉውን ያያል። ዊንች ግን ሲከብደው ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ገመዱ ላይ የ0.05 ኦም ተቃውሞ ብቻ ቢኖር በ100 አምፔር 5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ኤቲቪው ያለ ችግር የሚነሳውም የማስነሻ ሞተሩ የራሱ ገመድ ስላለው ነው። ይህን ሳጥኑን ከመግዛቴ በፊት ቢነግረኝ ኖሮ 60 ዶላሩ ኪሴ ነበር፤ ግን አልፈርድበትም፣ የገባው ያን ዕለት ነው።

አዲሱን ገመድ እንዴት ልሥራው ስል ደግሞ ሌላ ፀብ ተነሳ። የድሮው ቁጥር 6 የሚባለው፣ 13 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ ነበር፤ ቁጥር 4 ገዛሁ፣ ወፈር ያለ። 21ኛው ቀለበቱን በሊድ በይደው አለ። 22ኛው ይህን የሚመክር ሰው ሽቦ ነክቶ አያውቅም ብሎ ጀመረ፤ ሊዱ በሽቦው ክሮች መካከል ሽቅብ ይሳብና ገመዱን ያደርቀዋል፤ ኤቲቪ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ነገር ስለሆነ ሊዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ስለዚህ በመጭመቂያ ጨፍልቀህ፣ ውስጡ ሙጫ ያለውን በሙቀት የሚሸማቀቅ ሽፋን አልብሰው አለ። ስድቡን ትቼ ምክሩን ወሰድኩ። መጭመቂያ ስለሌለኝ ገመዱን የገዛሁበት ሱቅ በነፃ ጨፍልቀው ሰጡኝ።

23ኛው ዳይኤሌክትሪክ የሚባለውን ግራሶ ቀለበቱና ቡሎኑ መካከል በደንብ ቀባ አለኝ። ካልጋሪዋ እህት አረመችው፤ ያ ግራሶ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ መጀመሪያ ብረት ከብረት ጋር ንጹሕ ሆኖ ይጠብቅ፣ ከዚያ ውሃ እንዳይገባ ከላይ ይቀባ። 23ኛው አመሰገናት። በዚህ ውይይት ላይ ሲታረም እርማቱን የተቀበለ እሱ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ጋሼ ናቸው፤ 24ኛው መልስ የእሳቸው ነው። አረንጓዴውን ዱቄት ሳነሳ ተመለሱ። እሱንስ አውቀዋለሁ አሉ። አፋር ወርዶ፣ ዳሎልና አሳሌ ላይ ጨው ረግጦ የመጣ ላንድክሩዘር ገመዱ ሲሰነጠቅ እንዲሁ ነው። ጨው ውሃ ይጠራል፤ በሽፋኑ ጫፍ በኩል ይገባና መዳቡን ከውስጥ እየበላ ይሄዳል፤ ከላይ አይታይም። ድሮ ቱሪስት የሚያመላልሱት ሾፌሮች መቀሌ ሲደርሱ ከራሳቸው በፊት የመኪናውን ሆድ ነው የሚያጥቡት፣ በንጹሕ ውሃ፣ ደጋግመው። ሚኒሶታ ላይ ጨው ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። መንገዱ ላይ በረዶ እንዲቀልጥ መንግሥት ራሱ ይበትነዋል፤ አካፋዬ ከአስፋልቱ ዳር ያንን እየዛቀ ይመልስብኛል አልኳቸው። ጨው በመንገድ ላይ መበተኑ በጣም ገረማቸው። በአሞሌ ሲገበያይ የኖረ ሰው ዘር እንዲህ ያለ ብክነት አያስችለውም አሉና ሳቁ። 7ኛው፣ የዴንቨሩ ልጅ፣ 25 ላይ ገብቶ ጋሼ ይቅርታ አላቸው፤ ስለ ጨው ግን ሁለት ጥያቄ አስከትሎ ጠየቀ፤ እሳቸውም መለሱለት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ስለ ገመድ እያወሩ ሄዱ፤ እኛን ረሱን።

26 ላይ የድሮው ኮንታክተሬ ምንም እንዳልሆነ ስለታወቀ ለሚፈልግ እሰጣለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ አዲሱን ሱቁ አልመልስም ብሏል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነውና። የፖስታውን እኔ እከፍላለሁ ያለው 12ኛው ነው፤ በረዶ ጠራጊ ቅጠር ያለኝ። እሱም ለካ ኤቲቪ አለው።

ማክሰኞ ማታ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጣለ። ረቡዕ ጠዋት መግቢያዬን ጠርጌ፣ የጎረቤቴንም ጨምሬ፣ ከዚያ ኤቲቪውን ጋራዥ ውስጥ ሆዱን በሞቀ ውሃ አጠብኩት።

27ኛው አዲስ ሰው ነው። የእሱ ዊንች ገመዱን ይለቃል እንጂ አይሰበስብም፤ እኔ ያገኘሁትን አይቶ ጥቁሩን ገመድ ሊቀይር ነው። አትቀይር አልኩት። ሁለቱም አቅጣጫዎች የሚጠቀሙት ያንኑ ባትሪ፣ ያንኑ ወፍራም ገመድና ያንኑ ሞተር ነው፤ በአንዱ ከዞረ እነዚያ ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም። የቀረው ወይ የቁልፉ አንዱ ጎን፣ ወይ ከቁልፉ ወደ ሳጥኑ ከሚሄዱት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ፣ ወይ የኮንታክተሩ ግማሽ ነው። ሲሰበስብ ሳጥኑ ድምፅ ያሰማል ወይስ ጭራሽ ዝም ነው ብዬ ጠየቅኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም።